የልብ በር ሲጠብ፦ ከኢብኑ ነፊስ እስከ ገራዶዋ ልጅ

የዛሬው ጽሑፍ ትንሽ ረዘም ይላል፤ ጊዜ ስታገኙ ረጋ ብላችሁ አንብቡት። ዓመተ ምሕረቶቹ ሌላ ካልተባለ በቀር በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ባለፈው ዓመት ከገራዶ የመጣች የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅና እናቷን ይዘን ደሴ ሐኪም ቤት ተሰልፈን ነበር። ገራዶ ከደሴ በስተምዕራብ ናት፤ ሰዉ ለገበያም ለሕክምናም ወደ ደሴ ይወጣል። ልጅቷ ዳገት ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራታል፤ ሌሊት በጀርባዋ መተኛት ካቃታት ቆይቷል። መጀመሪያ ደም ማነስ ነው ተባለ፣ ቀጥሎ አስም ተባለ፣ በሰፈር ደግሞ «ዓይን ነው» የሚልም አልጠፋም። በመጨረሻ ልቧ በአልትራሳውንድ ሲታይ፣ ኢኮ የሚሉት ምርመራ ማለት ነው፣ ነገሩ ለየ። ሐኪሙ ወረቀት ገልብጦ አራት ክፍል ያለው ቤት ሣለና አንዱን በር በእስክሪብቶ አጠበበው።

«እናቴ፣ የልጅዎ የልብ በር ጠቧል» አላቸው።

«ዶክተርዬ፣ ታዲያ ምን ይሻላል?»

«የሚዋጥ መድኃኒት አለ፤ በፊኛ ማስፋት አለ፤ መጠገን አለ፤ መቀየር አለ። የትኛው እንደሚሆን የበሩ ሁኔታ ነው የሚወስነው።»

ኮሪደሩ ላይ ስንወጣ እናትየዋ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁን፦ «የሚቀይሩት በአሳማ ነው ይላሉ፤ እውነት ነው እንዴ?» እኛ አናውቅም ነበር። አላህ ያሽርልዎ ከማለት በቀር የምንለው አጣን። ቤት ገብተን ማንበብ የጀመርነው ከዚያ በኋላ ነው።

ልብ በቀን መቶ ሺህ ጊዜ ያህል ይመታል። በእያንዳንዱ ምት አራት በሮች ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ። ሐኪሞች ቫልቭ ይሏቸዋል። ሥራቸው አንድ ነው፦ ደም ወደፊት እንዲሄድ፣ ወደኋላ እንዳይመለስ ማድረግ። በር ሲታመም ወይ ይጠባል፣ ወይ አልገጥም ብሎ ያፈሳል፣ ወይ ሁለቱንም ይሆናል። በግራ በኩል ያለው ሚትራል የሚባለው በር ጤነኛ ሲሆን ስፋቱ ከ4 እስከ 6 ስኩዌር ሳንቲ ሜትር ነው፤ ወደ 1.5 ሲወርድ ጥበቱ ከባድ ይባላል። ያን ጊዜ ማለፍ ያቃተው ደም ወደ ሳንባ ይጠራቀማል። የልጅቷ ትንፋሽ ማጠር ከዚህ የመጣ ነው፤ አስም የመሰለውም ለዚህ ነው።

ደም ከልብ ቀኝ ወደ ግራ የሚሻገረው በሳንባ በኩል ዞሮ መሆኑን በጽሑፍ ያሰፈረው የመጀመሪያው ሰው የኛው ዓሊም ነው፤ ዓላኡዲን ኢብኑ ነፊስ። የተወለደው በ1213 ደማስቆ አካባቢ ሲሆን ኑሮውን ያሳለፈው ቃሂራ ነው። ሐኪም ብቻ አልነበረም፤ የሻፊዒይ መዝሀብ ፈቂህም ነበር። በዘመኑ የሕክምናው ዓለም ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ የግሪኩን ጋሌንን ይከተል ነበር። ጋሌን ደም ከቀኝ ልብ ወደ ግራው የሚያልፈው በመካከል ባለው ግድግዳ ላይ ባሉ የማይታዩ ቀዳዳዎች ነው ብሎ ነበር፤ ታላቁ ኢብኑ ሲናም ያንኑ ይዞ ሄደ። ኢብኑ ነፊስ በ1242 የኢብኑ ሲናን ቃኑን ሲያብራራ ግን ግድግዳው ድፍን ነው፣ የሚታይም የማይታይም ቀዳዳ የለውም፣ ደሙ ወደ ሳንባ ሄዶ ከአየር ጋር ተቀላቅሎ ይመለሳል አለ። ይህን ሲል ገና ሠላሳ ዓመት አልሞላውም። አውሮጳ ይህን ለማለት ሌላ ሦስት መቶ ዓመት ፈጅቶባታል።

ከዚያ በኋላ የሆነው ያሳዝነናል። ጽሑፉ ብዙም ሳይነበብ ተረስቶ ቀረ። በ1924 ጀርመን አገር የሚማር ሙሕዪዲን አጥጠጣዊ የሚባል ግብፃዊ ሐኪም በበርሊን ቤተ መጻሕፍት የእጅ ጽሑፉን አግኝቶ ባያወጣው ኖሮ ዛሬም አናውቀው ይሆናል። እኛ ወጣቶች «ሁሉን ነገር የጀመርነው እኛ ነን» እያልን ስንፎክር ይህችን ማስታወስ ደግ ነው፤ መጽሐፉ የኛ ነበር፣ አቧራውም የኛ ነበር።

ኢብኑ ነፊስ በ687 ዓመተ ሂጅራ፣ በፈረንጆች በ1288 ሲሞት ቤቱንና መጻሕፍቱን ለመንሱሪ ሆስፒታል አወረሰ። ይህን ሆስፒታል ሱልጣን ቀላውን ከጥቂት ዓመታት በፊት ቃሂራ ላይ ያሠሩት ነው፤ ወጪው በወቅፍ ገቢ የሚሸፈን፣ ሀብታምም ድኻም፣ ወንድም ሴትም በነፃ የሚታከሙበት። ወቅፉን ያዝ አድርጉልን፤ ወደኋላ እንመለስበታለን።

የገራዶዋን ልጅ ልብ ማን አጠበበው? መልሱ ከልብ ሩቅ ነው፤ ጉሮሮ ላይ ነው። በልጅነት የሚያጋጥም አንድ ዓይነት የቶንሲል ሕመም አለ፤ ስትሬፕቶኮከስ በሚባል ባክቴሪያ የሚመጣ። ልጁ በጥቂት ቀን ይሻለዋል። አንዳንዱ ላይ ግን ከሁለት ከሦስት ሳምንት በኋላ ሰውነቱ ባክቴሪያውን ለመዋጋት ያዘጋጀው መከላከያ ተሳስቶ የራሱን አካል ያጠቃል። ጉልበት ያብጣል፣ ከዚያ ቁርጭምጭሚት፣ ከዚያ ክርን፤ ሕመሙ ከመገጣጠሚያ መገጣጠሚያ ይዘላል፤ ትኩሳት አለው። ይህ የሩማቲክ ትኩሳት ነው። መገጣጠሚያው ይድናል፤ የልብ በር ግን ጠባሳ ይዞ ይቀራል። ትኩሳቱ በተደጋገመ ቁጥር ጠባሳው ይወፍራል፤ የበሩ ሁለት ክንፎች ጠርዝ ለጠርዝ ይጣበቃሉ። ችግሩ የሚታወቀው ከዓመታት በኋላ ነው፤ ለብዙ ሴቶች ደግሞ በእርግዝና ጊዜ፣ ልብ የሁለት ሰው ሥራ ሲበዛባት።

በኛ አገር ጉሮሮው የታመመ ልጅ እንጥል ቆራጭ ዘንድ መሄዱ ወይም ቶንሲሉ በጣት መፈንዳቱ ገና አልቀረም። የሚያደርጉት ክፉ አስበው አይደለም፤ ከአያት የወረሱት ነው። ነገር ግን ባክቴሪያውን አያጠፋውም፤ ደም መፍሰስና ሌላ ቁስለት ይጨምራል እንጂ።

የጠበበ በር እንዲሰፋ ማድረግ ይቻላል ብሎ ማሰብ ራሱ ለረጅም ዘመን እንደ እብደት ይቆጠር ነበር። ልብ አይነካም ነበር። በ1923 ቦስተን ላይ ኤሊዮት ከትለር የተባለ ሐኪም የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ በር በቢላ ቆርጦ አሰፋ፤ ልጅቷ ተረፈች። ተከታዮቹ ግን ሁሉም ማለት ይቻላል ሞቱበትና ተወው። በ1925 ለንደን ላይ ሄንሪ ሱታር ቢላ ትቶ ጣቱን ወደሚመታው ልብ አስገብቶ የአንዲት ወጣት በር በጣቱ ከፈተ። እሷም ተረፈች። ከዚያ በኋላ ግን የልብ ሐኪሞቹ አንድም ሌላ ታማሚ አልላኩለትም። አያምኑበትም ነበር። ሃያ ሦስት ዓመት እንዲሁ ባከነ።

በ1948 ፊላደልፊያ ላይ ቻርልስ ቤይሊ እንደገና ሞከረ። አራት ታማሚዎች ሞተውበታል፤ አራተኛው የሞተው ሰኔ 10 ቀን ጠዋት ነው። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ ሌላ ሆስፒታል ሄዶ፣ ማንም ሳይከለክለው በፊት አምስተኛዋን ሠራት፤ ዳነች። ይህን ሰው ጀግና እንበለው ወይስ ግዴለሽ? በመካከላችን ተከራክረንበት አልተስማማንም። በዚያው ወር ቦስተን ላይ ድዋይት ሃርከን፣ በመስከረም ለንደን ላይ ራስል ብሮክ ተሳካላቸው፤ በሩም በዓለም ዙሪያ በጣት ይከፈት ጀመር።

አንዳንዱ በር ግን ከመከፈት አልፎ ተበላሽቷል፤ መቀየር አለበት። ለዚህ ልብን አቁሞ ደሙን የሚያዞር ማሽን ያስፈልግ ነበር፤ እሱም በ1953 መሥራት ጀመረ። በ1958 ሎዌል ኤድዋርድስ የሚባል ጡረታ የወጣ መሐንዲስ ኦሪገን ውስጥ አልበርት ስታር የተባለውን ወጣት ሐኪም ሄዶ ሰው ሠራሽ ልብ እንሥራ አለው። ስታር ልቡ ይቆይና መጀመሪያ በሩን እንሥራ ብሎ መለሰለት። በሁለት ዓመት ውስጥ በትንሽ ጎጆ ውስጥ ኳስ ከፍ ዝቅ የምትልበት በር ሠሩ፤ በ1960 ሰው ልብ ውስጥ ገባ። ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ታካሚ አሥር ዓመት ያህል ኖሮ የሞተው ቤቱን ሲቀባ ከመሰላል ወድቆ ነው።

ዛሬ የሚገባው የብረትና የካርቦን በር ኳስ የለውም፤ ሁለት ግማሽ ክብ ክንፎች አሉት፤ የሰው ዕድሜ ያህል ይቆያል። ዋጋው ግን ሌላ ቦታ ይከፈላል። ደም ባዕድ ነገር ሲነካ ይረጋል፤ የረጋው ደም በሩን ይዘጋል ወይም ወደ አንጎል ሄዶ ሰውን ያሽመደምዳል። ስለዚህ ታካሚው ዕድሜ ልኩን ዋርፋሪን ይውጣል። ዋርፋሪን በ1940ዎቹ የወጣው ለአይጥ መርዝ ነበር፤ ከ1954 ጀምሮ ለሰው መድኃኒት ሆነ። ሲያንስ ደም ይረጋል፣ ሲበዛ ይፈሳል። ልኩን ለማወቅ አይ ኤን አር የሚባል የደም ምርመራ በየጊዜው ይደረጋል። ጎመን አንድ ሳምንት አብዝቶ ሌላ ሳምንት መተው እንኳ ልኩን ያዛባል። አዳዲሶቹ የደም ማቅጠኛ ክኒኖች ለብረት በር አይሆኑም። ለሚያረግዝ ሴት ደግሞ ዋርፋሪን ፅንሱን ሊጎዳ ይችላል።

በወረቀት ላይ ሲጻፍ «በርን መቀየር» ሁለት ቃል ነው። ለገራዶ ልጅ ግን ጥያቄው የበሩ ዓይነት ብቻ አይደለም፤ አይ ኤን አሩ የት ይለካል? ነው። አንድ የምናውቀው የኮምቦልቻ ወንድም በሩን አስቀይሮ ሲመለስ ምርመራውን የሚያደርግለት ቦታ «ኬሚካሉ አልቋል» እያለ ሁለት ወር መለሰው። ሌላ ከተማ ድረስ እየሄደ አስለካ፤ የተሳፈረበትን ብር ከአንድ ዓመት የቤት ኪራይ ጋር ያወዳድረዋል።

አሁን የእናትየዋን ጥያቄ እንመልስ። አዎ፣ የአሳማ በር አለ። በ1960ዎቹ ፈረንሳዊው አላን ካርፓንቲየ የአሳማን የልብ በር በኬሚካል አጥቦ እንዳይበሰብስና ሰውነት እንዳይገፋው የሚያደርግበትን ዘዴ አገኘ። ጥቅሙ ትልቅ ነው፤ እንዲህ ያለው በር የገባለት ሰው በአብዛኛው ዕድሜ ልክ ዋርፋሪን አያስፈልገውም። ጉዳቱ ያረጃል፤ በአረጋዊ ላይ አሥር አሥራ አምስት ዓመት ሲቆይ፣ በወጣት ላይ ቶሎ ያልቃል፤ ዳግም ቀዶ ሕክምና ይጠይቃል። ግን የአሳማ ብቻ አይደለም፤ ከከብት የልብ ሽፋን የሚሠራ በርም አለ፤ ዛሬ በብዛት ጥቅም ላይ ይውላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ነገር ሐኪሙን መጠየቅ ነው፦ «ከከብት የተሠራው ይገኛል ወይ?» ማፈር የለበትም፤ ሐኪሞች ለምደውታል። ከሌለ፣ ብዙ ዑለሞች የዶሩራን መርሕ ይጠቅሳሉ፤ ነፍስን ለማትረፍ ሌላ መንገድ ሲጠፋ የተከለከለው ይፈቀዳል። በኬሚካል ተለውጧልና ሐሳቡ ሌላ ነው የሚሉም አሉ። እኛ ሙፍቲ አይደለንም፤ የምታምኑትን ዓሊም ጠይቁ። የምናውቀው ግን በቀዶ ሕክምናው ጊዜ የሚሰጠው ሄፓሪን የተባለው መድኃኒት ራሱ በአብዛኛው ከአሳማ አንጀት የሚወጣ መሆኑን ነው፤ ይህን ማንም አይጠይቅም።

ስለ ኢብኑ ነፊስ አንድ ነገር ታሪክ ጸሐፊዎቹ ይተርካሉ። በመጨረሻ ሕመሙ ሐኪም ባልደረቦቹ ለሕመሙ ይስማማል ብለው ጥቂት ወይን እንዲጠጣ መከሩት፤ እሱ ግን ሆዱ ውስጥ ይዞት አላህን መገናኘት አልፈልግም ብሎ እንቢ አለ። ይህን ታሪክ ሰምተው «እሱም እንቢ ብሏል» ብለው ሕክምና የሚተዉ ገጥመውናል። ልዩነቱ ይታይ፤ እሱ ሰባ አምስት ዓመት የሞላው፣ ሐኪምም ፈቂህም የሆነ፣ ስለ ራሱ የወሰነ ሰው ነው። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ በኮሪደር ሹክሹክታ ሕክምናዋን መተው ሌላ ነገር ነው።

ከመቀየር መጠገን ይሻላል፤ የራስ በር ዋርፋሪን አይፈልግም። ሩማቲክ ያጠቃውን መጠገን ግን ከባድ ነው፤ ሁሉም እጅ አይችለውም። ጥበት ብቻ ሆኖ ክንፎቹ ካልደነደኑ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ጃፓናዊው ካንጂ ኢኖዌ በጭን ደም ሥር ገብቶ ልብ የሚደርስ፣ እዚያ ሲነፋ የተጣበቁትን ክንፎች የሚያላቅቅ ፊኛ ሠራ። ደረት አይከፈትም፤ ልብ አይቆምም። የሱታር ጣት ሥራ ነው፤ ጣቱ ብቻ ቀጠነ። በ2002 ፈረንሳይ ሩዋን ላይ አላን ክሪቢየ ደረት ሳይከፍት በደም ሥር አዲስ በር አስገባ፤ ግን እሱ በዋናነት በእርጅና ለሚጠነክረው የአውርታ በር ነው፤ ዋጋውም ለኛ ገና ሩቅ ነው።

በኢትዮጵያ ይህ ሁሉ ለረጅም ጊዜ የውጭ አገር ወሬ ነበር። የሕፃናት የልብ ሐኪሙ ዶክተር በላይ አበጋዝ በ1989 የኢትዮጵያ የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከልን መሠረቱ። መጀመሪያ ሥራው ሕፃናትን ውጭ አገር ልኮ ማሳከም ነበር፤ የሚሄደው ጥቂት፣ የሚቀረው ብዙ። ከሃያ ዓመት ድካም በኋላ በ2009 ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ የልብ ሕክምና ማዕከሉ ተከፈተ። «አንድ ብር ለአንድ ልብ» በሚል የተሰበሰበው ሳንቲም ከዚህ ሥራ ጋር የተያያዘ መሆኑን ታላላቆቻችን ያስታውሳሉ። ለዓመታት ቀዶ ሕክምናውን በብዛት የሚሠሩት ከውጭ በዙር የሚመጡ ቡድኖች ነበሩ፤ ቡድኑ ሲሄድ ክፍሉ ይዘጋል። ኢትዮጵያውያን ቀዶ ሐኪሞች ራሳቸው በቋሚነት መሥራት የጀመሩት በኋላ ነው። ወረፋው ግን ዛሬም በሺዎች ይቆጠራል።

ከሚረዱት መካከል በ1995 ሰር መግዲ ያዕቁብ ያቋቋሙት የተስፋ ሰንሰለት የተባለው ድርጅት አለ። ግብፃዊው ያዕቁብ የልብ ሐኪም ለመሆን የቆረጡት አክስታቸው በወጣትነቷ በሚትራል ጥበት ስለሞተች ነው፤ የገራዶዋ ልጅ ሕመም ማለት ነው። በዚህ ሕመም የሞተች አንዲት ወጣት አስዋንን ያህል የልብ ማዕከል አስገነባች ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከዚህ ሁሉ ማሽንና ፊኛ በፊት ግን ሕመሙን የሚያስቆም ነገር ተገኝቶ ነበር። በ1950 ይፋ በሆነ ጥናት ሐኪሞች አሜሪካ ዋዮሚንግ በሚገኝ ወታደራዊ ካምፕ ጉሮሯቸውን ለታመሙ ወታደሮች ፔኒሲሊን ሲሰጡ የሩማቲክ ትኩሳት እንደሚቀር አሳዩ። ጥቂት ቆይቶ በደም ውስጥ ሳምንታት የሚቆየው ቤንዛቲን ፔኒሲሊን መጣ፤ አንዴ ትኩሳቱ ለያዘው በየሦስት ወይም አራት ሳምንቱ አንድ መርፌ። የስታር ኳስ ሰው ልብ ውስጥ ከመግባቷ በፊት ማለት ነው። የሀብታም አገር ልጆችን ከዚህ ሕመም ያወጣቸው የልብ ቀዶ ሕክምና አይደለም፤ ያልተጨናነቀ ቤትና ፔኒሲሊን ነው። በ2015 የአፍሪካ የልብ ሐኪሞች እዚሁ አዲስ አበባ ተሰብስበው ሕመሙን ከአፍሪካ ለማጥፋት ሰባት ነጥብ ያለው መግለጫ ሲያወጡ የመርፌው አቅርቦት ከዋናዎቹ ጉዳዮች አንዱ ነበር።

ሰሜን ዩጋንዳ ላይ 818 ሕፃናትና ታዳጊዎች ተመርጠው ነበር፤ ሕመሙ በኢኮ ብቻ የሚታይ፣ ምልክት ያልጀመራቸው። ግማሾቹ በየአራት ሳምንቱ መርፌውን ወሰዱ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሕመሙ የባሰባቸው መርፌ ከወሰዱት 0.8 በመቶ፣ ካልወሰዱት 8.2 በመቶ ሆኑ። ውጤቱ ይፋ የሆነው ሕዳር 4 ቀን 2014 በኛ አቆጣጠር ነው። ቀኑን ስናይ ዝም ብለን ቆየን። ያን ሳምንት ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ውስጥ ነበሩ፤ ደሴ ሆስፒታል ከተዘረፉት የጤና ተቋማት አንዱ ነው። በየወሩ መርፌ የሚወጉ፣ ዋርፋሪን የሚውጡ ልጆች ያን ወር የት እንደዋሉ የቆጠረ ሰው አላገኘንም።

ቃሂራ ላይ የቀላውን ወቅፍ ሆስፒታሉን ብቻ ሳይሆን የመድኃኒቱንም ወጪ ይሸፍን ነበር። የመስጂድ ጀመዓችን ለአንድ ልጅ ቀዶ ሕክምና በጁምዓ ቀን ብዙ ብር ሲሰበስብ አይተናል፤ አልሐምዱሊላህ። ለአሥር ልጆች የዓመት መርፌና የአይ ኤን አር ትራንስፖርት ሲሰበስብ ግን ገና አላየንም። ይህ ነቀፋ አይደለም፤ እኛም ራሳችን አስበነው አናውቅም ነበር።

የገራዶዋ ልጅ በሩ ጠቧል እንጂ ክንፎቹ አልደነደኑም ተባለ። ወረፋ ጠብቃ አዲስ አበባ ላይ በፊኛ ሰፋላት፤ በሦስተኛው ቀን ተነሥታ ሄደች። መርፌው ግን አልቀረም፤ ሐኪሙ ቢያንስ እስከ አርባ ዓመቷ በየወሩ ነው ብሏታል። ረመዷን ላይ መጾም እንደምትችል ጠይቃ እንደ ሁኔታዋ እየታየ ተፈቅዶላታል። ጫት ልብን እንደሚያፈጥን፣ ለጠበበ በር ደግሞ የልብ መፍጠን እንደማይስማማ ሲነግራት ዞር ብላ ወንድሟን አየችው። ጥርስ ከመነቀሏ በፊት ስለ ልቧ እንድትናገርም ነግሯታል።

ባለፈው ማክሰኞ ፒያሳ አገኘናት። መርፌዋን ተወግታ ወደ ገራዶ ልትመለስ ሚኒባስ ስትጠብቅ ነበር። የቀጠሮ ካርዷን አሳየችን፤ አሥራ አንድ ምልክት አለው። እናቷ ታናሽ ወንድሟን ይዘው አብረው መጥተዋል፤ ጉሮሮውን አሞት።